ልዩ ምልክት፣ የግዕዝ ቁጥርና ጅራታም ፊደል በስቲከር መቁረጫና በሌዘር ፕሮግራም ላይ

ኬክ ላይ የሚቆም የሙሽሮች ስም፣ ቲሸርት ላይ የሚተኮስ ጥቅስ፣ እንጨት ላይ በሌዘር የሚቀረጽ የምረቃ ዓመት፤ ሥራው ሲታዘዝ ቀላል ይመስላል። ችግሩ የሚጀምረው ጽሑፉ መቁረጫው ፕሮግራም ውስጥ ሲገባ ነው። ፳፻፲፰ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ አራት ባዶ ሳጥን ይደረደራል። ከስሙ መጨረሻ የሚወጣው ጠመዝማዛ ጅራት የት እንደገባ አይታወቅም። ወይም ስክሪን ላይ ያማረው ጽሑፍ ሲቆረጥ፣ ፊደል ከፊደል በተደራረበበት ሁሉ ተበጣጥሶ ይወጣል። ሦስቱ ችግሮች ምክንያታቸው ለየቅል ነው፤ የሚፈቱበት መንገድ ግን አንድ ነው። ምልክቱን በትክክለኛ ኮዱ አስገቡ፣ ወደ ቅርጽ ቀይሩት፣ በይዱት (የተደራረቡትን ቅርጾች አንድ አድርጉ)፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ማሽኑ ላኩት።

እዚህ የሚነሱት ፕሮግራሞች አራት ናቸው፦ የክሪከት ማሽኖች የሚሠሩበት ዲዛይን ስፔስ፣ የሲልዌት ማሽኖች የሚሠሩበት ሲልዌት ስቱዲዮ፣ ለሌዘር ላይትበርን፣ እንዲሁም በነፃ የሚወርደው ኢንክስኬፕ። ሦስቱን ለመቁረጥ ብቻ ተጠቀሙባቸው፤ የፊደሉን ሥራ ኢንክስኬፕ ላይ ጨርሱ። በዲዛይን ስፔስ የጽሑፍ ሳጥን ውስጥ ከግዕዝ ቁጥር ጋር መታገል ጊዜ ማባከን ነው።

ሳጥኑ ከየት ይመጣል?

ፎንት ማለት በቁጥር የተደረደረ የሥዕል ሠንጠረዥ ነው። ፕሮግራሙ «ኮድ 1360 ላይ ያለውን ሥዕል አምጣ» ይላል፤ ፎንቱ እዚያ ቦታ ላይ ምንም ከሌለው ሳጥን ይመጣል። በቃ ይኸው ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ ኮድ በሚመድበው ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ሲሆን ዋናው ክልል ከኮድ 1200 ይጀምራል። ለእንግሊዝኛ ተብሎ የተሠራ የእጅ ጽሑፍ ፎንት ግን በዚህ ክልል ውስጥ ምንም የለውም።

ሰው የሚያሳስተው ዎርድ ነው። ዎርድም ብራውዘርም ፎንቱ የሌለውን ፊደል ሲያጡ ሳጥን ከማሳየት ይልቅ ዝም ብለው ከሌላ ፎንት ይበደራሉ። ስለዚህ በሚያምር የእንግሊዝኛ ፎንት ላይ አማርኛ ስትጽፉ ፊደሉ ይወጣል፤ የወጣው ግን ከኢብሪማ ወይም ከኒያላ የተወሰደ ነው። የፎንት ስም በሚታይበት ሳጥን ላይ አሁንም እንግሊዝኛው ሊታይ ስለሚችል «ይህ ፎንት አማርኛ አለው» ብላችሁ ታምናላችሁ። መቁረጫ ፕሮግራሞች ይህን ብድር ወይ አያውቁትም፣ ወይ በዘፈቀደ ያደርጉታል።

ማረጋገጫው የዊንዶውስ ካራክተር ማፕ ነው። የዊንዶውስን ቁልፍና አርን አንድ ላይ ተጫኑ፣ «ቻርማፕ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። ከላይ ፎንቱን ምረጡ፣ ከታች «አድቫንስድ ቪው» ላይ ምልክት አድርጉ፣ «ጎ ቱ ዩኒኮድ» በሚለው ሳጥን 1200 ጻፉ። ሀ ላይ ከወሰዳችሁ ፎንቱ ግዕዝ አለው። ካልወሰዳችሁ የለውም፤ ዎርድ ያሳያችሁን እርሱት። በማክ «ፎንት ቡክ» ከፍታችሁ ፎንቱን መርጣችሁ ሙሉ የፊደል ዝርዝሩን ማየት ትችላላችሁ።

ከሳጥን የሚያስጥሉ ነፃ ፎንቶች አሉ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ሲል ሦስቱም በክፍት ፈቃድ የተለቀቁ በመሆናቸው ለሚሸጥ ሥራም ይፈቀዳሉ። «ለግል ጥቅም ብቻ» የሚል ፎንት ግን ደንበኛ በሚከፍልበት ሥራ ላይ አይገባም። ኒያላ በቆዩ የዊንዶውስ እትሞች አብሮ ይመጣ ነበር፤ በዊንዶውስ 10 ላይ ካጣችሁት ከአማራጭ ባሕርያት ዝርዝር ውስጥ የኢትዮፒክ ተጨማሪ ፎንቶችን መጫን ይበቃል።

ኖቶን ስታወርዱ አንድ ወጥመድ አለ። ከጎግል ፎንትስ የሚወርደው ዚፕ ውስጥ ሁለት ዓይነት ፋይል ይገኛል፤ ሁሉንም ውፍረት በአንድ ላይ የያዘ ቫሪየብል ፋይልና «ስታቲክ» የሚል ፎልደር። የምትጭኑት ከስታቲክ ፎልደሩ ነው። ቫሪየብል ፎንት ውስጥ የአንድ ፊደል ክፍሎች ሳይበየዱ ተደራርበው ሊቀመጡ ይችላሉ። ስክሪን ላይ አይታይም፤ ምላጩ ግን የሁሉንም ክፍል ጠርዝ ተከትሎ ስለሚሄድ በፊደሉ ሆድ ውስጥ ያልታዘዘ ቁርጥ ይተዋል። በዚያ ላይ ብዙ መቁረጫ ፕሮግራሞች ከቫሪየብሉ ፋይል የሚያሳዩት አንድ ውፍረት ብቻ ነው።

ስትጭኑም በቀኝ ጠቅ አድርጉና «ለሁሉም ተጠቃሚ ጫን» የሚለውን ምረጡ። ለአንድ ተጠቃሚ ብቻ የተጫነ ፎንት በአንዳንድ ፕሮግራም ዝርዝር ውስጥ አይመጣም። መቁረጫው ፕሮግራም ክፍት ከነበረ ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱት።

ከዩኒኮድ በፊት የተሠሩ ፎንቶች

ማተሚያ ቤቶች ውስጥ ዛሬም ድረስ በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በፓወር ግዕዝ የድሮ ፎንቶች የተጻፈ ፋይል ይመጣል። ዩኒኮድ ያልሆኑት እነዚህ ፎንቶች የአማርኛውን ሥዕል በእንግሊዝኛ ፊደላት ኮድ ላይ ነው ያስቀመጡት። መለያው ቀላል ነው፤ ጽሑፉን መርጣችሁ ፎንቱን ወደ አሪያል ቀይሩ። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቆየ ዩኒኮድ ነው። ወደ እንግሊዝኛ ፊደልና ወደ ምልክት ዝብርቅርቅ ከተለወጠ የድሮ ነው፤ ዲዛይን ስፔስ ውስጥም የምታዩት ያንኑ ዝብርቅርቅ ይሆናል።

ጽሑፉ አጭር ከሆነ በዩኒኮድ እንደገና መጻፉ ይሻላል፤ ስምና ዓመት ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የደንበኛው ዓርማ በዚያው ፎንት የተሠራ ከሆነና መልኩ መለወጥ ከሌለበት ግን ፎንቱ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ኢንክስኬፕ ውስጥ ከፍታችሁ ወደ ቅርጽ ቀይሩት። የድሮ ፎንት በአንድ ፋይል ከ256 ቦታ በላይ አልነበረውም፤ የአማርኛ ፊደል፣ ቁጥርና ሥርዓተ ነጥብ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ አንዳንዶቹ ፎንቶች አንዱን ፊደል በሁለት ቁራጭ፣ በግንድና በቅጥያ፣ ይገጣጥሙት ነበር። ወደ ቅርጽ ስትቀይሩት ቅጥያው ለብቻው ይቀራል፤ ካልተበየደ በምላጭ ተለይቶ ይወድቃል።

ምልክቱን በኮዱ ማስገባት

ኢንክስኬፕ ውስጥ የጽሑፍ መሣሪያውን ይዛችሁ ጠቋሚው ብልጭ እያለ ኮንትሮልና ዩን ተጫኑ፣ ኮዱን ጻፉ፣ ኢንተር በሉ። ዎርድ ላይ ደግሞ ኮዱን ጽፋችሁ ወዲያው ኦልትና ኤክስን ስትጫኑ ቁጥሩ ወደ ምልክቱ ይለወጣል። በብዛት የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦

1360 — ፠ የክፍል መለያ ጌጥ
1361 — ፡ የቃላት መለያ
1362 — ። አራት ነጥብ
1363 — ፣ ነጠላ ሰረዝ
1364 — ፤ ድርብ ሰረዝ
1368 — ፨ የአንቀጽ መለያ ጌጥ
ከ1369 እስከ 1371 — ከ፩ እስከ ፱ (ከ1369 ቀጥሎ ከ136A እስከ 136F፣ ከዚያ 1370 ይመጣል)
ከ1372 ጀምሮ — ፲፣ ፳፣ ፴ እያለ ይቀጥላል

ከ፪ እስከ ፯ ባሉት፣ በ፺፣ በ፻ እና በ፼ ኮድ ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል ስላለበት በቃል ከመያዝ ይልቅ «ቴክስት» ከሚለው ምናሌ «ዩኒኮድ ካራክተርስ» የሚለውን ክፈቱ። የጽሕፈት ዓይነቱን ኢትዮፒክ ብላችሁ ስትመርጡ ሁሉም ተደርድሮ ይመጣል፤ የፈለጋችሁትን ሁለቴ ጠቅ ማድረግ ነው።

ዓመት ስትጽፉ የግዕዝ ቁጥር ዜሮ እንደሌለው አትርሱ። 2018ን ቁጥር በቁጥር መተካት አይሠራም፤ ሃያ መቶ አሥራ ስምንት ተብሎ ፳፻፲፰ ይጻፋል። 2000 ፳፻ ነው፣ ሁለት ምልክት ብቻ። 1990 ፲፱፻፺ ነው። ደንበኛው የላከውን ከመቁረጣችሁ በፊት አንብባችሁ አረጋግጡ፤ እንጨት ላይ የተቀረጸ ስሕተት አይፋቅም።

የነጥቦቹም ነገር ዝም ተብሎ አይታለፍም። ብዙ ሰው አራት ነጥብ ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ ይመታል፤ ይባስ ብሎ የእንግሊዝኛውን ኮለን ሁለቴ ይደረድራል። ስልክ ላይ ያልፋል። በ20 ሴንቲሜትር ቁመት ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ግን ነጥቦቹ ተራርቀው፣ የኮለኑ ነጥቦች ደግሞ ከፊደሉ መስመር ዝቅ ብለው ይታያሉ። በ«ፋይንድ» ፈልጋችሁ በ። ተኩት። ከፊደል በላይ የሚቀመጠው የማጥበቂያ ሁለት ነጥብም እንዲሁ ያስቸግራል፤ ራሱን ችሎ ስለማይቆም አንዳንድ ፕሮግራም ወደ ጎን ያንሸራትተዋል። ሁለት ትናንሽ ክብ ሠርቶ በእጅ ማስቀመጥ ይቀላል።

ከቴሌግራም ተቀድቶ የመጣ ጌጠኛ የእንግሊዝኛ ስም ሳጥን ከሆነባችሁ ፎንት አትፈልጉለት። በቦት የሚሠሩት ጠመዝማዛ ፊደላት ፎንት አይደሉም፤ ዩኒኮድ ለሒሳብ የመደባቸው ሌሎች ምልክቶች ናቸው፣ አብዛኛው ፎንትም የለውም። ስሙን በተራ ፊደል ጻፉና የሚመስለውን ፎንት አልብሱት። ከስልክ የተቀዳ ልብም እንዲሁ ነው። ባለቀለም ኢሞጂ የሚቆረጥ ጠርዝ የለውም፣ ከኋላውም ብዙ ጊዜ የማይታይ ኮድ ይከተለዋል፤ ልቡን ብታገኙ እንኳ ጎኑ ላይ ትርፍ ሳጥን ይቀራል። ኮድ 2665ን በሴጎ ዩአይ ሲምቦል ፎንት ጻፉ፤ አንድ ወጥ ልብ ታገኛላችሁ።

ጅራትና ጌጥ ከእንግሊዝኛ ፎንቶች

የእጅ ጽሑፍ ፎንት ስትገዙ ማስታወቂያው ላይ ያለው ጅራት፣ ልብና ቅጠል ከኪቦርዱ አይገኝም። የተቀመጠው ከሁለት ቦታ በአንዱ ነው፤ የት እንዳለ ማወቅ ግማሹን ሥራ ይጨርሳል።

አንደኛው የዩኒኮድ የግል መጠቀሚያ ክልል ነው። ዩኒኮድ 6,400 ቦታ ባዶ ትቶ «እንደፈለጋችሁ ሙሉት» ብሏል፤ የፎንት ሠሪዎች ጌጦቻቸውን እዚያ ያስገባሉ። ካራክተር ማፕ ላይ ፎንቱን መርጣችሁ፣ «ግሩፕ ባይ» ከሚለው «ዩኒኮድ ሰብሬንጅ»፣ ከሚመጣው ትንሽ መስኮት «ፕራይቬት ዩዝ ካራክተርስ» ስትሉ ጌጦቹ ብቻ ይቀራሉ። የምትፈልጉትን ምረጡ፣ «ሰሌክት» ከዚያ «ኮፒ» በሉ። ዲዛይን ስፔስ ወይም ላይትበርን ውስጥ ጽሑፉ መሃል ፔስት አድርጉ። ሳጥን ቢመጣ አትደንግጡ፤ ጽሑፉን መርጣችሁ ያንኑ ፎንት ስታለብሱት ሳጥኑ ጅራት ይሆናል። በሌላ ፎንት ግን ያው ኮድ ሌላ ሥዕል ነው፣ ወይም ምንም አይደለም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ያገኛችሁትን ጅራት ፎንት ስትቀይሩ መልሳችሁ መፈለግ ግድ ነው። ሲልዌት ስቱዲዮ ውስጥ ጌጦቹን ዘርዝሮ የሚያሳየው የግሊፍ ሰሌዳ የሚገኘው በሚከፈልበት ዲዛይነር እትም ነው፤ በነፃው እትም ከካራክተር ማፕ መቅዳት ይቻላል።

ሁለተኛው ኮድ የሌለው ጌጥ ነው። ፎንቱ ውስጥ በኦፕንታይፕ ባሕርይ (የፊደልን አማራጭ ቅርጽ በሚያበራና በሚያጠፋ ትእዛዝ) ብቻ የተያዘ ሲሆን ካራክተር ማፕ ላይ አይታይም፤ የማይታይ ነገር ደግሞ አይቀዳም። እዚህ ላይ ዲዛይን ስፔስን መለማመጥ ከንቱ ነው። ኢንክስኬፕ ውስጥ ጽሑፉን መርጣችሁ ሺፍት፣ ኮንትሮልና ቲን ተጫኑ፣ «ፊቸርስ» ወደሚለው ገጽ ሂዱ፤ የፎንቱ አማራጭ ቅርጾች ተዘርዝረው ይመጣሉ። ባሕርዩ ሙሉውን ቃል እንዳይለውጥ መጀመሪያ አንዷን ፊደል ብቻ በማውዝ ምረጡ። ጅራት የሚያምረው በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፊደል ላይ ነው፤ መሃል ላይ ሲበዛ ስሙን ማንበብ ያስቸግራል፣ ትርፉን መንቀልም መከራ ይሆናል።

ፎንት ስትገዙ መግለጫው ላይ ጌጦቹ በግል መጠቀሚያ ክልል ኮድ እንደተሰጣቸው ተጽፎ እንደሆነ እዩ። ካልተጻፈ ኢንክስኬፕን ለማይጠቀም ሰው ጌጡ የለም ማለት ነው።

ወደ ቅርጽ መቀየርና መበየድ

ጽሑፉ ካማረ በኋላ መጀመሪያ ፋይሉን በጽሑፍነቱ አስቀምጡ። ነገ ደንበኛው «በ ሳይሆን ቤ ነው» ሲል የምትመለሱበት እሱ ነው። ከዚያ በሌላ ስም አስቀምጡና በዚህኛው ላይ ሥሩ።

ጽሑፉን መርጣችሁ «ፓዝ» ከሚለው ምናሌ «ኦብጀክት ቱ ፓዝ» በሉ፤ አቋራጩ ሺፍት፣ ኮንትሮልና ሲ ነው። አሁን ጽሑፍ መሆኑ ቀረ፤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተርም መልኩ አይለወጥም። ቀጥሎ «አንግሩፕ» አድርጉ፣ ሁሉንም ምረጡ፣ «ፓዝ» ከዚያ «ዩኒየን»። መበየድ ማለት ይህ ነው፤ በሌሎቹ ፕሮግራሞች «ዌልድ» ይባላል። ላይትበርን ጽሑፍ ሳለም የሚበይድ «ዌልድድ» የሚል ማብሪያ ከጽሑፍ መሣሪያው ጎን አለው፤ ወደ ቅርጽ ለመቀየር አቋራጩ ያው ኮንትሮል፣ ሺፍትና ሲ ነው።

ካልበየዳችሁ የሚሆነው እንደ ማሽኑ ይለያያል። ምላጭ ያለው ማሽን የእያንዳንዱን ፊደል ጠርዝ ለብቻው ስለሚቆርጥ ጅራቱ ፊደሉን በሚያቋርጥበት ቦታ ስቲከሩ ተቆርጦ ይወጣል። ሌዘር ላይ በ«ፊል» (የቅርጹን ውስጥ በመሙላት) ስትቀርጹ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሁለት ቅርጽ የተደራረበበትን ቦታ ፕሮግራሙ እንደ ቀዳዳ ቆጥሮ ሳያቃጥል ያልፈዋል። ጥቁር መሆን የነበረበት መገጣጠሚያ ላይ ነጭ ቁራጭ ካያችሁ ማሽኑን አትጠርጥሩ፤ ያልተበየደ መደራረብ ነው።

መደራረቡን ቀድሞ ለማየት ኢንክስኬፕ ላይ «ቪው»፣ «ዲስፕሌይ ሞድ»፣ «አውትላይን» በሉ። ቀለሙ ጠፍቶ ማሽኑ የሚከተለው መስመር ብቻ ይቀራል። በፊደሉ አካል ውስጥ የሚያልፍ መስመር ካለ አልተበየደም። ላይትበርን ላይ ኦልትና ፒ ቅድመ እይታውን ይከፍታል።

በግዕዝ ቁጥር ላይ ብየዳ የሚያስቸግርበት አንድ ሁኔታ አለ። ከቁጥሩ በላይና በታች ያሉት መስመሮች በብዙ ፎንት ከጎረቤት ቁጥር መስመር ጋር ጫፍ ለጫፍ ይነካካሉ እንጂ አይደራረቡም። ዓይን አንድ መስመር ያያል፤ ዩኒየን ግን ሁለት የተለያየ ቅርጽ አድርጎ ሊተዋቸው ይችላል፣ ያኔ ማሽኑ በመካከላቸው ይቆርጣል። ወደ ቅርጽ ከመቀየራችሁ በፊት የፊደል ርቀቱን በጥቂቱ አጥብቡት፤ 0.2 ሚሊሜትር መደራረብ ይበቃል። በአንዳንድ ፎንት መስመሩ ከቁጥሩ አካልም ጋር አይገናኝም። ለስቲከር ችግር የለውም፤ ከአክሪሊክ ለሚቆረጥ ግን መስመሩ ለብቻው ይወድቃል፣ ትንሽ አራት ማዕዘን ሠርታችሁ አያይዙት።

ፊደሉ በምላጭ ሥር

የአማርኛ ፊደል ከላቲኑ የሚከብደው በትናንሽ ቀለበቶቹ ነው። ሌ፣ ቤ፣ ቴ ላይ ያለው የእግር ቀለበት፣ ሎ፣ ቶ፣ ኖ ላይ ያለው የራስ ቀለበት መጀመሪያ የሚበላሹት እነሱ ናቸው። የመቁረጫ ምላጭ ጫፉ ከሚሽከረከርበት መሃል ትንሽ ወጣ ያለ ስለሆነ መስመሩን እየተጎተተ ነው የሚከተለው። ክቡ በጣም ሲጠብ መዞሪያ ያጣና ስቲከሩን ከወረቀቱ ያነሣዋል። በልምድ የቀለበቱ ውስጥ ከ1.5 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ንጹሕ ቁርጥ አትጠብቁ። በመካከለኛ ውፍረት ያለ ፎንት ይህን የሚያሟላው ፊደሉ ወደ 15 ሚሊሜትር ቁመት ሲደርስ ነው። ከዚያ ያነሰ ከተፈለገ ሦስት መውጫ አለ፦ ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ፣ ቀጭን ውፍረት ያለውን መምረጥ (ቀለበቱ ይሰፋል)፣ ወይም የቀለበቱን ቀዳዳ ጨርሶ መሙላት። ለመሙላት በኢንክስኬፕ «ብሬክ አፓርት» ብላችሁ የውስጡን ክብ አጥፉት፤ በ8 ሚሊሜትር ቁመት ላይ የተደፈነ ቀለበት ማንም አይነቅፈውም፣ የተቀደደ ግን ወዲያው ይታያል።

ለመፈተሻ ሙሉውን ጥቅስ አትቁረጡ። ከጽሑፉ ውስጥ በጣም የሚያስቸግረውን አንድ ፊደል፣ ለምሳሌ ቴን፣ በሥራው ትክክለኛ መጠን በስቲከሩ ጥግ ላይ ቁረጡና ትርፉን ንቀሉ። ቀለበቱ አብሮ ከተነሣ ፍጥነቱን ወይም ግፊቱን አስተካክሉ።

በቀለም ለሚቀባ ስቴንስል የሚመጣው ጣጣ ሌላ ነው። ወ፣ መ፣ ዐ፣ ፀ ሆዳቸው የተዘጋ ነው፤ ተቆርጦ ሲነሣ የሆዱ ቁራጭ አብሮ ይወድቅና ዐ ድፍን ክብ ይሆናል። 2 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀጭን አራት ማዕዘን ከሆዱ እስከ ውጭ አስተኝታችሁ «ፓዝ»፣ «ዲፈረንስ» ስትሉ ድልድይ ይሠራል። በመ፣ በወ እና በፀ ላይ ሁለት ሁለት ሆድ ስላለ ሁለት ድልድይ ያስፈልጋል። ድልድዮቹን በሁሉም ፊደል ላይ በአንድ አቅጣጫ አድርጉ፤ አንዱ ቁም ሌላው አግድም ሲሆን ያልታሰበበት ይመስላል።

ከአክሪሊክ ወይም ከእንጨት ለሚቆረጥ ስም ደግሞ ትልቁ ጉዳይ ፊደላችን አለመያያዙ ነው። የላቲን የእጅ ጽሑፍ ፎንት ፊደሉን ራሱ ያያይዘዋል፤ «ሰላም» ግን ሦስት ቁራጭ ሆኖ ይወድቃል። መፍትሔው ከእግራቸው ሥር ወጥ መስመር ማስገባትና መበየድ ነው። ለ3 ሚሊሜትር አክሪሊክ መስመሩ ቢያንስ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ይኑረው፣ የፊደሉም ቀጭን ቦታ ከ2 ሚሊሜትር አይነስ፤ ካነሰ ሲያዝ ይሰበራል። መስመሩ ወደ ፊደሉ እግር ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር መግባት አለበት። ሰ፣ ለ፣ በ ጠፍጣፋ እግር ስላላቸው በጥሩ ይይዛሉ። ሀ፣ ሠ፣ ዐ ግን ከታች ክብ ስለሆኑ መስመሩን የሚነኩት በአንድ ነጥብ ነው፤ እነሱን ብቻ ተጨማሪ 1 ሚሊሜትር ዝቅ አድርጓቸው። መስመር የማይወዱ ደንበኞች አሉ። ለነሱ ፊደሉን ዙሪያውን ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር በ«ኦፍሴት» አስፍታችሁ በሌላ ቀለም ጀርባ ቁረጡና ፊደሎቹን ላዩ ላይ ለጥፉ። ይህኛው ለመስበርም የማይመች ነው፤ እኛ ለልጆች ዕቃ የምንመርጠው ይኸኛውን ነው።

በእስክሪብቶ ወይም በመቅረጫ ሹል ጫፍ በብረት ላይ መጻፍ ሲፈለግ የፊደሉ ጠርዝ ብቻ ይሣላልና እያንዳንዱ ፊደል ባዶ ሆድ ሆኖ ይወጣል። ለእንግሊዝኛ ነጠላ መስመር ፎንቶች ሞልተዋል፤ ለግዕዝ ግን ራስ መሥራት ይቀላል። የኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን «ቲን» ውፍረት ተጠቅማችሁ ጻፉ፣ ኦልትና ቢ ብላችሁ ወደ ምስል ቅዱት፣ «ትሬስ ቢትማፕ» ውስጥ «ሴንተርላይን ትሬሲንግ» የሚለውን ምረጡ። ከኢንክስኬፕ 1.0 ጀምሮ አለ። በእግሮቹ ጫፍ ላይ ትናንሽ ቅርንጫፎች ይበቅላሉ፤ በእጅ አጥፏቸው። መስመሩ ከተንቀጠቀጠ ኮንትሮልና ኤልን አንድ ጊዜ ብቻ ተጫኑ፤ ሲደጋገም ፊደሉ ይቀልጣል።

ፋይሉን ወደ ማሽኑ ማሳለፍ

ለዲዛይን ስፔስና ለላይትበርን በ«ፕሌን ኤስቪጂ» (የመስመር ሥዕል ፋይል ዓይነት) አስቀምጡ። ዲዛይን ስፔስ ወደ ቅርጽ ያልተቀየረ ጽሑፍ ያለበትን ኤስቪጂ በትክክል አያስገባም። የሲልዌት ስቱዲዮ ነፃ እትም ኤስቪጂ ስለማይከፍት በዲኤክስኤፍ (ሌላ የመስመር ሥዕል ፋይል ዓይነት) አስቀምጡለት፤ ኩርባዎቹ ወደ ብዙ ቁርጥራጭ ነጥብ ሊለወጡ ስለሚችሉ ቀለበቶቹን አቅርባችሁ እዩ።

መጠኑን ሁልጊዜ ካስገባችሁ በኋላ ለኩ። ኢንክስኬፕ ኢንችን በ96 ነጥብ ይቆጥራል፣ አንዳንድ ሌሎች ፕሮግራሞች በ72። ስለዚህ 90 ሚሊሜትር የነበረ ስም 120 ሆኖ ሊመጣ ይችላል፤ ልዩነቱ 1.33 እጥፍ ነው። ላይትበርን በማስገቢያ ማስተካከያው ውስጥ ከሁለቱ አንዱን ያስመርጣችኋል። ዲዛይን ስፔስ ላይ ቁልፉ እንደተዘጋ ስፋቱን በእጅ ጻፉት፣ ቁመቱ ይከተላል። ብዙ ቃል ያለበትን ጥቅስ ደግሞ «አታች» አድርጉት፤ አለበለዚያ ፕሮግራሙ ስቲከር ለመቆጠብ ብሎ ቃላቱን በምንጣፉ ላይ ይበታትናቸዋል።

በካውያ የሚተኮስ ቪኒል ተገልብጦ ነው የሚቆረጠው። «ሚረር» መብራቱን በሀ፣ በበ፣ በሠ ወይም በዐ አትፈትሹ፤ ተገልብጠውም ያው ናቸው። ሁ፣ ቡ ወይም ሉን ፈልጉና ቅጥያው በቀኝ ሳይሆን በግራ መዞሩን እዩ። ከዚያ «ሂድ» በሉት።